የፋብሪካው ፈቃድና የመንደሩ ፊርማ፦ ጥያቄና መልስ

የሰሞኑ ጥያቄዎች አንድ ነገር ላይ ተሰብስበዋል። ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ አማካሪ መሐንዲሶች መጥተዋል፣ ስብሰባ ተጠርቷል። አንዱ ባለ ፋብሪካ ሆኖ ይጠይቃል፣ ሌላው ጎረቤት ሆኖ። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። አንዱ የሌላውን ጥያቄ ቢያነብ አይከፋም።

«በመንደራችን አጠገብ ፋብሪካ ሊሠራ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። ስማችንን ጽፈን ፈረምን፤ ለስላሳና ኩኪስ ተሰጠን። በኋላ ሰነዱን ሳየው “ማኅበረሰቡ ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል” ይላል፤ የእኛ ፊርማ ተያይዟል። እንዲህ ማድረግ ይቻላል?» (ከዱከም)

አይቻልም። ግን ይደረጋል። በተለያየ መልክ ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እርስዎ የፈረሙት መገኘትዎን ነው። ስምምነት ሌላ ነገር ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ (ቁጥር 299/1995)፣ ፋብሪካው በሰውና በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ የሚጠናው ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሰዎች በቀጥታ በሚነካቸው የአካባቢ ጉዳይ ላይ፣ ከዕቅዱ ጀምሮ፣ የመመካከርና ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይናገራል። መመካከር ማለት ደግሞ መቃወምንም ይጨምራል። «እኛ አንፈልግም» ያለ ሰው ንግግሩ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ መግባት አለበት።

ጥናቱን የሚሠራ ደህና አማካሪ ድርጅት ምን ያደርጋል መሰለዎት? የፋብሪካው ንድፍ ሳያልቅ ይመጣል። ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሰው ሊያማክር ሳይሆን ሊያሳውቅ ነው የመጣው። ካርታ ይዞ ይመጣል። ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ፣ ፍሳሹ በየት በኩል ወጥቶ የትኛው ወንዝ እንደሚገባ በጣቱ ያሳያል። ዱከም ላይ ከሆነ በኦሮምኛም ያስረዳል። ሴቶችን ለብቻ ያነጋግራል፤ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ በትልቅ ስብሰባ ላይ ግን ዕድሉን የሚያገኙት አልፎ አልፎ ነው። ከብት የሚያጠጡትን ደግሞ ወንዙ ዳር ሄዶ ያገኛቸዋል። ከሁሉ በላይ ተመልሶ ይመጣል። «ያን ቀን ይህን ጠይቃችሁን ነበር፣ መልሱ ይኸው» ይላል። ተመልሶ ያልመጣ አማካሪ ካለ ጥናቱ ላይ ጥርጣሬ ቢያድርብዎ አልፈርድብዎትም።

አሁን ምን ያድርጉ? ደብዳቤ ይጻፉ። «ፊርማችን የመገኘት እንጂ የመስማማት አይደለም፤ ያነሳናቸው ጥያቄዎችም እነዚህ ናቸው» ብላችሁ፣ ከፈረሙት ሰዎች የቻላችሁትን ያህል ሰብስባችሁ። የምትሰጡት ሰነዱን ለሚገመግመው የክልሉ ወይም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ቀሪው ላይ የገቢ ማኅተም ሳያስመቱ እንዳይወጡ። ባለሥልጣኑ ለፕሮጀክቱ ይሁንታ ሰጥቶ ካለቀም በሩ አልተዘጋም። በአዋጁ መሠረት ቅሬታ ያለው ማንኛውም ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤት ማለት ይችላል፤ ኃላፊውም በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት።

ባለሀብቶችም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ጉጂ ዞን ሻኪሶ አካባቢ ያለው የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ መታደሱ ከተሰማ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2010 ግንቦት ላይ ከነዋሪው ተቃውሞ የተነሳ ታግዷል። ሥራው እንዲቀጥል የተፈቀደው ከዓመታት በኋላ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት መያዝ ከጎረቤት ጋር መስማማት አይደለም።

«አነስተኛ የፕላስቲክ መፍጫና ማቅለጫ ልከፍት ነው። ሼድ ተከራይቻለሁ፣ ማሽን አዝዣለሁ። የአካባቢ ጥናት ያስፈልገኛል? የሚሠራልኝስ መንግሥት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

ሼዱን ከመከራየትዎ በፊት ቢጠይቁኝ ይሻል ነበር። አሁንም ግን አልረፈደም።

ሁሉም ፕሮጀክት እኩል አይታይም። ሙሉ ጥናት የሚጠየቅበት አለ፣ በከፊል ጥናት የሚያልፍ አለ፣ ምንም የማይጠየቅም አለ። የእርስዎ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው፤ ደላላው ወይም ማሽኑን የሸጠልዎ ሰው አይደለም። ስለዚህ አንድ ሁለት ገጽ የፕሮጀክት መግለጫ ይዘው ይሂዱና ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጥናቱን የሚያሠሩት እርስዎ ነዎት፤ ወጪውም የእርስዎ ነው። የሚሠራው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው አማካሪ ነው፣ የሚገመግመው ደግሞ ባለሥልጣኑ። እነዚህ ሁለቱ እንዳይምታቱብዎ። «ጥናቱንም እሠራለሁ፣ ይሁንታውንም አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ሁለተኛው ሥራ የእሱ አይደለም። ባለሥልጣኑ ሪፖርቱን መርምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያስቀምጣል። በተግባር ጊዜ የሚበላው ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ናሙና መውሰድ፣ ላብራቶሪ መጠበቅ፣ የተጓደለ ሰነድ ማሟላት።

ያለ ይሁንታ መጀመርስ? በ1995ቱ አዋጅ ላይ የተቀመጠው መቀጮ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ሐሰተኛ ነገር ጽፎ ያቀረበም እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ዛሬ ባለው ገበያ ለትልቅ ፋብሪካ ይህ ገንዘብ አይደለም፤ ያኔ ሲጻፍ ግን ነበር። ለእርስዎ የሚከብደው ማሽን ተክለው ሥራው ሲቆም ነው።

በነገራችን ላይ የእርስዎ ዋና ጣጣ ሁለት ነው፦ የፕላስቲኩ እጥበት ውሃና የማቅለጫው ጭስ። ውሃው አሸዋ፣ ሙጫና የፕላስቲክ ፍርፋሪ ይዞ ይወጣል። ወንፊትና ማዝቀጫ ገንዳ ይሥሩለት፣ ውሃውንም መልሰው ይጠቀሙበት። የውሃ ሂሳብዎም ይቀንሳል። ጭሱን ደግሞ የጎረቤትዎ መስኮት የት እንዳለ አይተው ያስቡበት።

«ዘንድሮ በአካባቢ ምሕንድስና ተመርቄአለሁ። አማካሪ ድርጅት መቀጠር እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን ሥራው ኮፒ ፔስት ነው ይሉኛል።» (ከባሕር ዳር)

ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። ቆላ ላይ ለሚሠራ ፕሮጀክት የደጋ ዛፎችን ዘርዝሮ የሚያቀርብ ሪፖርት ይገጥምሻል። ምዕራፍ አራት ላይ የሌላ ከተማ ወንዝ ስም ረስተው የተዉትም አለ። እንዲህ ያለው ቢሮ ውስጥ ከገባሽ የምትማሪው ፎንት ማስተካከል ነው።

ደህናው ቢሮ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጠዋት ወንዝ ዳር ናሙና ትወስጃለሽ፤ በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርገሽ በሰዓቱ ላብራቶሪ ታደርሻለሽ። ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው በቀን ስንት ሜትር ኩብ ውሃ አስገብቶ ስንት እንደሚያስወጣ ትደምሪያለሽ። ገቢና ወጪው ካልተጣጣመ አንድ የተደበቀ ቱቦ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ማታ ደግሞ የአካባቢ አስተዳደር ዕቅዱን፣ ማለትም ጉዳቱ የሚቀነስበትን ዕቅድ፣ ትጽፊያለሽ፦ ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ ምን ይሠራል የሚለውን። ኢንስፔክተሩ ነገ የሚይዘው እሱን ነው። ኢንተርቪው ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ «ለመጨረሻው ጥናት ሳይት ላይ ስንት ቀን ቆያችሁ?» መልሱ ካቅማማ አስቢበት።

«ቤቴ ከቆዳ ፋብሪካ ብዙ አይርቅም። አንዳንድ ሌሊት የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ልጆቹን ያስላቸዋል። ቀበሌ ስሄድ ወረዳ ሂጂ፣ ወረዳ ስሄድ ዞን ሂጂ ይሉኛል።» (ከሞጆ)

እሜቴ፣ ሽታውን መጀመሪያ ላስረዳዎት፤ ሲከራከሩ ይጠቅምዎታል። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉር የሚያረግፈው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ከዚያ ቆይቶ በክሮም ያለፋዋል፤ የዚህኛው ፍሳሽ አሲድ አለበት። ሁለቱ ፍሳሾች ለየብቻ ሳይታከሙ አንድ ቦይ ውስጥ ሲገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። የእንቁላሉ ሽታ እሱ ነው። ስለዚህ «ቆዳ ፋብሪካ እኮ መሽተቱ አይቀርም» የሚለው መልስ አይበቃም። ፍሳሹን ለይቶ ሰልፋይዱን በአየር ማክሰም፣ ክሮሙንም ለብቻ አዝቅጦ መልሶ መጠቀም የታወቀ አሠራር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል፣ ሲበረታም አፍንጫን ያደነዝዛል። ልጆች ቦዩ አጠገብ አይጫወቱ።

አቤቱታውን በተመለከተ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ (300/1995) አንቀጽ 11 ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ ከቀበሌ ወደ ወረዳ መመላለሱን ይተዉትና በቀጥታ ለክልሉ በጽሑፍ ያስገቡ። ኢንስፔክተሮቹ ያለ ቀጠሮና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ግቢው ውስጥ የመግባት ሥልጣን አላቸው። የሚመጡት ግን ቀን ነው፤ ሽታው ደግሞ ሌሊት። ለዚህ ነው ማስታወሻ መያዝ ያለብዎ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ። ከጎረቤት ጋር ሆነው ቢይዙት ይበልጥ ይከብዳል።

ቀላል ነው እንዳልልዎ፤ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የመብት ተሟጋች ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ጉዳይ ፍርድ ቤት አድርሶት ነበር። የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ሳይሆን ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ። ከዚያ የምወስደው፣ ማንን እንደሚከሱ መጀመሪያ ከሕግ ባለሙያ ጋር መነጋገር እንደሚያስፈልግ ነው።

«የፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝ። ችግኝ ተክለናል፣ ለትምህርት ቤቱ ክፍል ሠርተናል። ነዋሪው ግን አሁንም ያማርራል። ምን ቀረን?»

ፍሳሹ ቀረ፣ ወንድሜ። የመማሪያ ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው የሚያማርረው ስለ ክፍል እጥረት አልነበረም።

በየወሩ የፍሳሽ ምርመራ ውጤታችሁን በር ላይ ለጥፉት፤ የተፈቀደው መጠን ከጎኑ ይጻፍ። ውጤቱ መጥፎ ሲሆንም እንዳታነሱት። የእድር ሊቀመንበሮችን ጋብዛችሁ ማጣሪያውን አሳዩ። ቅሬታ የሚቀበል ስልክ ይኑር፣ ሲደወልም ሰው ያንሳው። ይህ ከሪባን ቆረጣ ያነሰ ወጪ አለው።

ለአማካሪ ድርጅቶችም አንድ ቃል። የትምህርት ቤት ጉድጓድ ውሃ በነጻ መመርመር፣ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ መቀበል በጣም ጥሩ ነው። ግን ጥናት እየሠራችሁ ባለበት ቀበሌ፣ ውሳኔው ሳይወጣ ስጦታ አትስጡ። ሰው ደብተር ከተቀበለ በኋላ «አልስማማም» ለማለት ይከብደዋል። እሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

«ቡና ማጠቢያ ጣቢያችን የሚሠራው በዓመት ሦስት ወር ገደማ ነው። ለዚህች ጊዜ ብቻ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥሩ መባል ምን ይባላል?» (ከይርጋለም)

ጊዜው አጭር ነው፤ ግን የከፋው ጊዜ ነው። እጥበቱ የሚሆነው ዝናቡ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ነው። የቡናው ስኳር ያለበት ውሃ ሲገባ ረቂቅ ሕዋሳት ይበሉታል፣ ኦክሲጅኑን ይጨርሳሉ፣ ከታች ያለው ሰው ጥቁር ውሃ ይደርሰዋል። የተራቀቀ ማጣሪያ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ውሃ የሚቆጥብ መፈልፈያ፣ ገለፈቱን ለይቶ ማዳበሪያ ማድረግ፣ ከወንዙ ራቅ ያሉ ተከታታይ ኩሬዎች። ኩሬዎቹን በየዓመቱ ከእጥበቱ በፊት ጥረጓቸው።

«የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አነስተኛ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ማቋቋም አስባለሁ። የፓርኩ ማጣሪያ ስላለ የራሴ ፈቃድ አያስፈልገኝም አሉኝ። እዚህ እንዲህ ቀላል አይደለም።»

እዚያ ለአየርና ለውሃ ለየብቻ ፈቃድ ይወጣል። ወደ ወንዝ የሚለቀቅ የፍሳሽ ፈቃድ ረቂቁ ለሕዝብ ቢያንስ 30 ቀን ለአስተያየት ይቀመጣል፤ ፈቃዱም ከአምስት ዓመት አያልፍም፣ ይታደሳል። እዚህ ዋናው በር መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ይሁንታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ነው። ክትትሉ ላላ ሲል ታዲያ ብዙ ነገር ይላላል።

የፓርኩ ማጣሪያ መኖር ከጥናት ነጻ አያደርግህም። ከሐዋሳ ሐይቅ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም የታሰበው ለዚህ ነው። ግን ማቅለሚያ ጨው ያበዛል፤ ጨው ደግሞ ለማጣሪያው ከባድ ነው። ፓርኩ የሚቀበለውን የጨው፣ የቀለምና የሙቀት መጠን በጽሑፍ ጠይቅ። ከዚያ በላይ ከሆንክ የራስህ ቅድመ ማጣሪያ ያስፈልግሃል፣ ወጪውንም ከአሁኑ ቢዝነስ ፕላንህ ውስጥ አስገባው። ውሃው ተጣርቶ ከተመለሰ በኋላ የሚቀረው ጨውና ዝቃጭ የት እንደሚወሰድና ማን እንደሚከፍልበትም ውሉ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ አትፈርም።