ክፍሉን አስቀድማችሁ ለኩ፦ ስለ ሰው ድምፅና ስለ ድምፅ ኢንስታሌሽን ጥያቄና መልስ

በአራት ኪሎ የምንሰበሰብ የድምፅ ጥበብ ወዳጆች፣ ስለ ሰው ድምፅ፣ ስለ ቀረጻና ስለ ኢንስታሌሽን፣ ማለትም ድምፅን በአንድ ስፍራ አኑሮ አድማጩ እየተዘዋወረ እንዲሰማው ስለሚያደርገው ጥበብ፣ ያላችሁን ጥያቄ እንድመልስ በጠየቃችሁኝ መሠረት ዛሬ ለዚሁ ተቀምጫለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ የክፍሉ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሳይለካ የሚቀርብልኝን ጥያቄ በቅጡ መመለስ አልችልም።

የፒያሳው አባል፦ ጋሼ፣ ይህ ሥራ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፣ በእኛ ዘንድ ሥር የለውም የሚሉ አሉ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ይህን የሚሉት የሐሊም ኤል ዳብን ታሪክ ያልሰሙ ናቸው። እኚህ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ፣ ከራዲዮ ጣቢያ በተዋሱት የሽቦ መቅጃ በዛር ሥርዓት ላይ የሚዜመውን ድምፅ ቀረጹ። ከዚያም ግድግዳዎቹ በሚንቀሳቀሱ የጣቢያው ክፍል ውስጥ ቀረጻውን እያሰሙና መልሰው እየቀረጹ፣ የድምፁን መሠረታዊ ቃና አስወግደው በላዩ የሚረብቡትን ረቂቅ ድምፆች አስቀሩ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ የታወቁባቸውን፣ ከተቀረጹ ድምፆች የተቀነባበሩ የመጀመሪያ ድርሰቶች ያሰሙት ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደዚችው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1963ም የባህላዊ መሣሪያዎች ጓድ የሆነውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርተዋል። በየአካባቢው ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ሲቀመጡ የሚፈጠረውን የድምፅ ቅንብር መመርመር እንግዲህ በስድስት ኪሎ መንገድ ለምንመላለስ ሰዎች እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር።

የአምስት ኪሎው አባል፦ ቀዳሚነቱን አልክድም፤ ነገር ግን የካይሮው ሥራ ለረጅም ጊዜ በሰፊው አልተሰማም። ትምህርት ቤት የሆነው የሼፈር መንገድ ነው።

የካዛንቺሷ አባል፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዛር ለሚታመሙበት ሰዎች የጭንቅ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁን ወስዶ ለጥበብ ማዋል ተገቢ ነውን?

የአምስት ኪሎው አባል፦ እንዲህ ከተባለማ የለቅሶ እንጉርጉሮም ሊቀረጽ አይገባም።

የካዛንቺሷ አባል፦ አዎን፣ ባለ ሐዘኑ ካልፈቀደ አይገባም።

መልስ፦ እህቴ ትክክል ናት። ሳያስፈቅዱ የማንንም ድምፅ አትቅረጹ፤ ቅዳሴም ሆነ ለቅሶ ልዩነት የለውም። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ግን ለሻይ ሰዓት እናቆየው።

አዲስ አባል፦ የትኛውን ማይክሮፎን ልግዛ?

መልስ፦ በእጅዎ ባለው ስልክ ይጀምሩ።

የፒያሳው አባል፦ ለአንድ ኢንስታሌሽን ስንት ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ብዛቱን የሚወስነው ሥራው ነው። ካናዳዊቷ ጃኔት ካርዲፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የ40 ድምፅ መዝሙር በ40 ማጉያዎች አቅርባለች፤ እያንዳንዱ ማጉያ የአንድ ዘማሪን ድምፅ ብቻ ስለሚይዝ፣ ጎብኚው ወደ አንዱ ሲጠጋ ሌሎቹ ይርቁታል። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው መምህር የትንፋሽ መሣሪያው እምቢልታ ነው። አንድ እምቢልታ ነፊ ብቻውን ዜማ የለውም፤ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ቃና ነው፤ ዜማው የሚወለደው ሦስቱ ነፊዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። እነዚህን ሦስት ነፊዎች በአንድ አዳራሽ ሦስት ማዕዘናት ብታቆሟቸው፣ ዜማው ከማንኛቸውም ዘንድ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ባዶ ስፍራ ይገኛል፤ አድማጩም በቆመበት ቦታ ልክ የተለየ ዜማ ይሰማል። ስለዚህ ሦስት ማጉያ ይበቃዎታል፤ ክፍሉን አስቀድመው ከለኩ።

አዲስ አባል፦ ጥሩ ድምፅ እንዴት አገኛለሁ?

መልስ፦ የት? በየትኛው ክፍል? ለየትኛው ሥራ? ጥያቄው ተብራርቶ ይቅረብ።

የአምስት ኪሎው አባል፦ በምንሠራበት ክፍል የማያቋርጥ የጉምጉምታ ድምፅ አለ። ገመዱን ሁሉ ቀየርን፤ አልጠፋም። የክፍሉ ስፋት 3 ሜትር ከ40 ነው።

መልስ፦ ለክተው የጠየቁ የመጀመሪያው ሰው በመሆንዎ አመሰግናለሁ። የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር አድርገው ለስፋቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ6.8 ሜትር ሲያካፍሉት 50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ገደማ ያገኛሉ፤ ይህም ግድግዳዎቹ በመካከላቸው የሚያጎሉት ዝቅተኛው ቃና ነው። የመብራታችን ሞገድም 50 ሄርዝ ነው። ከመሣሪያው የምታመልጠውን ትንሽ የመብራት ጉምጉምታ ክፍሉ ተቀብሎ ያጎላታል። ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን የመብራት መስመር) ያስፈትሹ፤ ማጉያውንም ከግድግዳው ያርቁ፤ ድምፅ በመጨመር ልሸፍነው አይበሉ፤ ይብሳል።

የካዛንቺሷ አባል፦ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ስሌቱ አይለወጥም?

መልስ፦ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት እንጂ መሳሳቱ አይደለም።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ለጥሩ ድምፅ የትኛው ማጉያ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛ ጊዜ ነው። ማጉያ አይግዙ፤ ሜትር ይግዙ። ከዚያም አሜሪካዊው አልቪን ሉሲየር እ.ኤ.አ. በ1969 ያደረጉትን በቤትዎ ይሞክሩ። አንድ ዐረፍተ ነገር በክፍሉ ውስጥ ተናግረው ይቅረጹ፤ ቀረጻውን በዚያው ክፍል እያሰሙ እንደገና ይቅረጹ፤ የአሁኑንም እንዲሁ ደጋግመው ያድርጉ። ቃላቱ ቀስ በቀስ ይሟሟሉ፤ በመጨረሻ የሚቀረው የንግግርዎ ምትና ክፍሉ የሚወዳቸው ቃናዎች ናቸው። ያን ጊዜ ክፍልዎ ምን እንደሚል ያውቃሉ፤ እኔም ጥያቄዎን እመልሳለሁ።

የፒያሳው አባል፦ እኛ የተፈቀደልን አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። በሐምሌ የበገና ድምፅ ልናሰማበት አስበናል። ይሆናል?

መልስ፦ ከዛሬ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ወደድኩት። አቡጀዲው ቀጫጭን ድምፆችን በከፊል ይውጣል፤ ወፍራሞቹ ግን አልፈውት ቆርቆሮው ድረስ ይዘልቃሉ፤ ስለዚህ ቤቱ ከሲሚንቶ ክፍል ይልቅ ለበገና የሚስማማ ነው። የበገና ዝማሬ ከ10ሩ ጅማቶች ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጅማቱ ከሚያርፍበት ድልድይ ጋር የሚነካካው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ የሚፈጥረው ርግብግቢት ነው ያን ገርጀፍ ያለ ድምፅ የሚሰጠው፤ እንዚራው ካልተስተካከለ ደርዳሪው ራሱ አይጀምርም። ማይክሮፎኑን ስለዚህ ከአፉ ይልቅ ወደ ድልድዩ አስጠጉት፤ የሰውየውን ድምፅ በሌላ ማጉያ፣ ከአድማጩ ጀርባ፣ ለብቻው አውጡት። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን በገናውን ፈጽሞ ይሸፍነዋል፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ ጨምራችሁ አትታገሉት። ማጉያዎቹን አጥፉና ዝናቡ እስኪያባራ አድማጮቹ ተቀምጠው ቆርቆሮውን ይስሙ፤ ሲያባራ በገናውን በዝግታ መልሱት። የኮርኒሱን ከፍታ ግን አልነገራችሁኝም።

የፒያሳው አባል፦ 2 ሜትር ከ70።

መልስ፦ መልካም። ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ።