ሚኒሞው ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄው ከቨርጂኒያ ነው። አንድ ወንድማችን ባለ አንድ መቀመጫ አልትራላይት (በጣም ቀላል ትንሽ አውሮፕላን) አለው፤ ሞተሩ ሮታክስ 447 ነው። ተነስቶ ገና ከፍታ እየያዘ ሳለ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። የበቆሎ ማሳ ውስጥ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጭረት በቀር ደህና ነው። ፕሮፔለሩ ተሰብሯል፣ የፊት ቱቦው ጎብጧል። «ቤንዚኑ ውሃ ነበረበት መሰለኝ። ከሰሞኑ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በራሱ እየጨመረ ሲያስቸግረኝ በብሎኑ እቀንሰው ነበር። አሁን ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ካርቡሬተሩን አጥቤ፣ ፕሮፔለር ቀይሬ ልብረር?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትብረር። ቤንዚን ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ውሃ የገባበት ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ያስላል፣ ይንተፋተፋል እንጂ እንዲህ ቀጥ አይልም። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፦ ሚኒሞው።

ሳትነካው ሚኒሞ የሚጨምር ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው አየር ነው። ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ በዚያ በኩል ተጨማሪ አየር ይገባል። አየሩ ሲበዛ ነዳጁ ያንሳል። እንዳንተው ባለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፣ 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት። ስለዚህ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። ሙሉ ጋዝ ስትሰጠው ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሲሊንደሩን ይይዛል። ሲቀዘቅዝ ይለቃል። በእጅ የዞረልህ ለዚህ ነው፤ ድኖ አይደለም።

ማረጋገጡ ከባድ አይደለም። ማርሚታውን አውርድና በጭስ መውጫው በኩል በባትሪ ተመልከት። በዚያ በኩል የፒስተኑ ጎን ተጭሮ አሉሚኒየሙ ከተለጠፈ፣ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ጭረቱ በፒስተኑ ዙሪያ አራት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶታል። ቀጥሎ ጎማውን ፍታውና በብርሃን ፊት አጥፈው። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከስር፣ ፋሼታው (ጎማውን የሚያጠብቀው ቀለበት) አጠገብ ይደበቃል። ጎማው ደህና ከሆነ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ኦይል ሲሎች፣ ማለትም በዘንጉ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የሚዘጉትን ጎማዎች፣ በግፊት አስፈትሽ።

ሌላም አለ። የ447 ክራንክሻፍት ከተለያዩ ክፍሎች በፕሬስ ተጭኖ የተገጣጠመ ነው፤ ፕሮፔለር መሬት ሲመታ ሊጣመም ይችላል። ሳይለካ ሞተሩን አታስነሳ። የጎበጠውን ቱቦ እንዳታቃናው፣ ቀይረው። አሉሚኒየም ከተቃና በኋላ ያማረ ይመስላል እንጂ ጉልበቱ የለም። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው እንደሆነም እይ።

አሜሪካ ውስጥ ባዶ ክብደቷ ከ254 ፓውንድ በታች የሆነች እንዲህ ያለች አውሮፕላን ፈቃድ ያለው መካኒክ እንዲያያት ሕጉ አያስገድድም። እኔ ግን ይህችን አንድ የሮታክስ ባለሙያ ሳያያት አላበርርም።

ፒስተኑን ስታይ ፎቶ ላክልኝ፤ በጭስ መውጫው በኩል ያለው ጎን በደንብ ይታይ።