በንግድ ሕግ ቢሮ ለልምምድ ማመልከት፣ መልስ ሲጠፋና እምቢ ሲባል፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ በኩባንያና በኢንቨስትመንት ጉዳዮች ላይ በሚሠራ የጥብቅና ቢሮ ጠበቃ ነኝ። የልምምድ ማመልከቻ የማነበውም እኔ ነኝ። ክረምት ሲቃረብ የሕግ ተማሪዎች ጥያቄ ይበዛል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ውስጥ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ላሉ ብዙ ቢሮዎች ሲቪ በኢሜይል ልኬ ነበር። እምቢ ያለኝ እንኳ የለም፤ ሁሉም ዝም። ምን ጎድሎኝ ይሆን?

ምናልባት ምንም አልጎደለህም። መጀመሪያ ቢሮዎቹ ምን እንደሚመስሉ ልንገርህ። በአገራችን የጥብቅና ፈቃድ ለረጅም ጊዜ የግለሰብ ብቻ ነበር። ጠበቆች በድርጅት ተቋቁመው እንዲሠሩ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ስለዚህ «ትልቅ» የምንለው ቢሮ ራሱ እንደ ድርጅት ገና ልጅ ነው። አብዛኞቹ ጥቂት ጠበቆች፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው ያላቸው። የሰው ኃይል ክፍል የላቸውም። ለቢሮው አጠቃላይ ኢሜይል የተላከ ሲቪ ከደንበኛ ደብዳቤና ከማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ማንም አይቶ አልጣለህም፤ ማንም አላየህም።

ስለዚህ አካሄድህን ቀይር። ለቢሮው ሳይሆን እዚያ ለሚሠራ አንድ ጠበቃ በስሙ ጻፍ። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደምትችል ግለጽ። ሳምንት ቆይተህ በአጭሩ አስታውስ። አዲስ አበባ ካለህ ደግሞ ማመልከቻህን አትመህ፣ የዩኒቨርሲቲህን የትብብር ደብዳቤ ይዘህ በአካል ሂድ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይኼኛው ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ማመልከቻ ዘግይቷል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጠይቅ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ የንግድ ፈቃድ እድሳት ስለሚጀምር ኩባንያ የሚያማክሩ ቢሮዎች ወረቀት ይበዛባቸዋል። «በእድሳቱ ወቅት ሰነድ በማደራጀት ላግዝ እችላለሁ» ብለህ ብትጽፍ፣ ሥራቸውን እንደምታውቅ ወዲያው ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ የማመልከቻ ደብዳቤዬ ላይ ምን ልጻፍ? ሁሉም ሰው «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ነው የሚለው።

እሱን አውጪው። በቦታው የሠራሽውን አንድ ነገር አስገቢ። እኔን ሁሌም የሚያስቆመኝ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። አንድ የሕግ ጥያቄ ይነሣል፣ አንቀጽ ይጠቀሳል፣ መልሱ ግልጽ ሆኖ ይቀመጣል። በቃ።

ምሳሌ ልስጥሽ። ብዙ ተማሪ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን ሙሉ በሙሉ የሻረ ይመስለዋል። አልሻረውም። ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ የሚደነግጉት የድሮው ሕግ ክፍሎች ዛሬም ይሠራሉ። ይህን ለይታ የጻፈች ተማሪ ሕጉን ከፍታ እንዳነበበች አውቃለሁ። ሌላም አለ። ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በአዲሱ ሕግ የመጣ ነገር ነው። አንዲት ነጋዴ ብቻዋን ይህን ብታቋቁም ምን ታተርፋለች፣ ምን ግዴታ ይመጣባታል? አንድ ገጽ ይበቃዋል።

ከቢሮው ሥራ ጋር የሚሄድ ርዕስ ምረጪ። ባንኮችን የሚያማክር ከሆነ በ2017 ለውጭ ባንኮች በር የከፈተውን የባንክ ሥራ አዋጅ አንብቢ። ኢንቨስተሮችን የሚያማክር ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1180/2012ን እና ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ያደረገውን የውጭ ምንዛሪ ለውጥ። የካፒታል ገበያ አዋጁ ቁጥር 1248/2013 ነው፤ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው (አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበትና የሚገዛበት) ሥራ የጀመረው ግን በ2017 ስለሆነ በዚህ ዘርፍ ልምድ አለኝ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ለጀማሪ ጥሩ ቦታ ነው። አዋጆቹን በነጋሪት ጋዜጣ፣ ትንታኔዎችን ደግሞ እንደ ሚዛን ሎው ሪቪው ባሉ በነፃ በሚነበቡ መጽሔቶች ታገኛለሽ።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ ድረስ ሄጄ ቀረሁ። አብራኝ የተጠየቀችው የቅርብ ጓደኛዬ ግን ገባች። እሷን ሳይ ደስ ማለት አቃተኝ። ይህም ያሳፍረኛል።

አይዞሽ እህቴ። ደርሶ መቅረት ከዝምታው በላይ ያማል። እኔም ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ አስረዝሜ የምመልሰው ለዚህ ነው።

በእኛ በኩል ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። አንድ ወንበር አለን። ሁለት ጥሩ ተማሪዎች መጡ። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የሚያዘነብለው በጥቃቅን ነገር ነው። አንዷ ከሰኔ 25 ጀምሮ መምጣት ትችላለች፣ ሌላዋ ከሐምሌ አጋማሽ። ወይም እጃችን ላይ ያለው ጉዳይ ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ አንዷ ታነበዋለች። እነዚህ ስለ ችሎታሽ የሚናገሩት ነገር የለም። ግን አንቺ ጋ የሚደርሰው ውሳኔው ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ማንም አይነግርሽም። ሰው ደግሞ ምክንያት ሲያጣ በራሱ ላይ ይፈርዳል።

አንዳንዴ ግን የሚስተካከል ነገር ይኖራል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ብዙ ጊዜ የማየው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቢሮው ምን እንደሚሠራ አለማወቅ። «ለምን እኛን መረጥሽ?» ሲባል «ታዋቂ ስለሆናችሁ» ማለት መልስ አይሆንም። ሁለተኛው፣ ለደንበኛ ጥያቄ የክፍል መልስ መስጠት። «አንድ ነጋዴ አክሲዮኑን ለወንድሙ ማስተላለፍ ፈለገ፣ ምን ትመክሪዋለሽ?» ብዬ ስጠይቅ ስለ አክሲዮን ማኅበር ትርጉም የሚያብራሩልኝ አሉ። እኔ መስማት የምፈልገው «መጀመሪያ የመመሥረቻ ጽሑፉን አያለሁ፣ የሌሎቹ አባላት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አጣራለሁ» የሚለውን ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጠይቂ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ለቀጣይ ምን ባሻሽል ይሻላል ትላላችሁ?» ከመለሱልሽ ተጠቀሚበት። ካልመለሱ ደግመሽ አትጻፊ።

ስለ ጓደኛሽ፦ ቅር ማለትሽ ክፉ ሰው አያደርግሽም። ለጥቂት ቀናት ገለል ማለት ካማረሽ ገለል በይ። ከዚያ ግን ደውዪና እንኳን ደስ አለሽ በያት፤ ከልብሽ ባይሆንም እንኳ ልብሽ ኋላ ይከተላል። ምን እንደጠየቋት፣ ምን እንደመለሰች ትነግርሻለች። ወንበር ሲለቀቅም ከማንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ነች።

ጥያቄ፦ እኔ ዘመድ የለኝም። ቦታው ሁሉ በትውውቅ አይደል የሚያዘው?

ሁሉም አይደለም፤ ብዙው ግን ነው። ይህ ያናድደኛል፤ አንተንም ቢያናድድህ ልክ ነህ። የጠበቃ ልጅ በአንድ ስልክ የሚያገኘውን፣ ከገጠር የመጣ ጎበዝ ተማሪ በዓመት አያገኘውም።

ትውውቅ ግን በደም ብቻ አይመጣም። መምህራንህን ተመልከት፤ ብዙዎቹ ያማክራሉ ወይም ከጠበቆች ጋር ይሠራሉ። ወረቀትህ ላይ ጥሩ አስተያየት የሰጠህን መምህር ቢሮው ድረስ ሂድና «ለልምምድ ማንን ላነጋግር?» በለው። የዩኒቨርሲቲህ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ ግባ። እዚያ የሚመጣው በአብዛኛው የቀለብ፣ የኪራይና የሠራተኛ ጉዳይ ነው እንጂ የኩባንያ አይደለም። ቢሆንም ከባለጉዳይ ጋር መቀመጥን፣ አቤቱታ መጻፍን ያስተምርሃል። ይህን ካየሁ እኔ ከውጤት በላይ እመዝነዋለሁ። ሙት ኮርት (ተማሪዎች እንደ ጠበቃ የሚከራከሩበት የማስመሰያ ችሎት) ከተወዳደርክም ዳኛ ሆነው ከተቀመጡት ጠበቆች ጋር ሳትተዋወቅ አትውጣ።

ጥያቄ፦ ውጤቴ 2.7 ነው። ልተወው?

አትተወው። ውጤት የሚያጣራ ቢሮ አለ፣ እዚያ ላትገባ ትችላለህ። እኔ ግን የውል ሕግና የንግድ ሕግ ኮርሶችህን ለብቻ አያለሁ። እነሱ ደህና ከሆኑ ደብዳቤህ ላይ ለይተህ ጥቀሳቸው። የመውጫ ፈተናውን ጥሩ አድርገህ ካለፍክም ጻፈው።

ጥያቄ፦ የጥብቅና ቢሮ አልተሳካልኝም። አንድ ባንክ የሕግ ክፍል ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ጓደኞቼ «ይኼ ነገረ ፈጅነት ነው፣ የንግድ ሕግ አይደለም» ይሉኛል።

ዛሬውኑ ተቀበለው! ባንክ ውስጥ በየቀኑ የምታየው የብድር ውልና መያዣ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ያለፍከው ነገር እዚያ ማስጠንቀቂያ፣ ግምት፣ ሐራጅና ክርክር ሆኖ ይመጣል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጁ፣ ቁጥር 1147/2011፣ በተግባር እንዴት እየተሠራበት እንደሆነም ከውስጥ ታየዋለህ። እኛ ቢሮ ለባንክ ውል ስናረቅቅ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ነገረ ፈጅ ምን እንደሚያሳስበው የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያም፣ የግንባታ ድርጅትም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ «ክፍያ የለም» አሉኝ። ልግባ?

ብዙ ቦታ ክፍያ የለም፣ ወይም ትራንስፖርት ብቻ ነው። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ከመጀመርሽ በፊት ግን በግልጽ ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካልቻሉ «በሳምንት ሦስት ቀን ልምጣ» በያቸው፤ በቀሪው ቀን ገቢ የምታገኚበትን ሥሪ። ሰነድ ማረጋገጫ ሄዶ ወረፋ መያዝና ፎቶ ኮፒ ማድረግ የሥራው አካል ነው፤ ሁላችንም አድርገነዋል። ወሩ ሙሉ እሱ ብቻ ከሆነ ግን «አንድ ውል ላርቅቅና እርሙልኝ» ብለሽ ጠይቂ። ልምምድ አስገባሻለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ሰው ግን አምስት ሳንቲም አትስጪ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ለቃለ መጠይቅ ማታ ሆቴል ነይ አለኝ። ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

አትሂጂ። ቃለ መጠይቅ በሥራ ሰዓት፣ በቢሮ ነው። «በሥራ ሰዓት ቢሮ መምጣት እችላለሁ» ብለሽ መልሺለት። ከዚያ በኋላ ዝም ካለ፣ ያመለጠሽ ዕድል የለም። መልእክቱን አስቀምጪው፤ ለምታምኚው ሰውም አሳዪ።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው፤ ዲግሪዬ ግን ከኢትዮጵያ ነው። እዚህ ትልልቅ የሕግ ድርጅቶች በቫኬሽን ስኪም (በእረፍት ወቅት በሚሰጥ አጭር ልምምድ) ነው የሚቀበሉት ይባላል። ሁለቴ አመልክቼ አልሆነም።

ቫኬሽን ስኪም ወደ ሥልጠና ኮንትራት (እየሠሩ ሶሊሲተር፣ ማለትም የእንግሊዝና ዌልስ የሕግ ባለሙያ፣ ለመሆን የሚሠለጠኑበት ውል) የሚያስገባ ዋናው በር ነው፣ ብቸኛው ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሶሊሲተር ለመሆን የሚወሰድ ኤስኪውኢ የሚባል ፈተና መጥቷል። ከፈተናው ጋር የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ልምዱ እስከ አራት ድርጅት ተከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል። የሕግ ምክር በነፃ በሚሰጥ ማዕከል ወይም በትንሽ ሶሊሲተር ቢሮ የሠራኸውም ሊቆጠርልህ ይችላል። ውጭ አገር የተሠራም ቢሆን ይታያል፤ የእንግሊዝና ዌልስ ሶሊሲተር ሊያረጋግጥልህ ግን ይገባል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስኪም እያመለከትክ ልምዱን ከጎን ጀምር።

ጥያቄ፦ አባቴ በየማታው «ምን አሉህ?» ይለኛል። መልስ የለኝም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አባትህ የሚጠይቁህ ስለሚያስቡልህ ነው፤ አንተ ግን በየማታው ፈተና ላይ ተቀምጠሃል። አንድ ቀን ቁጭ በልና አስረዳቸው። «አባዬ፣ መልስ ለመስጠት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። አዲስ ነገር ሲኖር መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነው» በላቸው። ኢሜይልህን በቀን አንዴ ብቻ ክፈት። ማመልከቻ የምትጽፍበትን ቀን ለይ፤ በሌላው ቀን ስለ ሥራ አታውራ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ምግብም ከዘጋህ፣ የዩኒቨርሲቲህን የምክር አገልግሎት ወይም ሐኪም አነጋግር።

ጥያቄ፦ እስከ ነሐሴ ምንም ባላገኝስ?

ነሐሴ ላይ ፍርድ ቤቶች ለክረምት ይዘጋሉ፤ ቢሮዎችም ቀዝቀዝ ይላሉ። ያን ጊዜ ለማንበብ ተጠቀሚበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ ታትመዋል። የንግድና የውል ጉዳዮችን ምረጪና ለእያንዳንዱ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን በግማሽ ገጽ ጻፊ። የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ጠበቃ በየቀኑ የሚያገላብጠው እሱን ነው። ጥቅምት ላይ ችሎት ሲከፈት ልደታ ፍርድ ቤት ሄደሽ የንግድ ክርክር ቁጭ ብለሽ ስሚ። ከዚያ ከጻፍሻቸው ውስጥ ምርጡን አያይዘሽ፣ በክረምት ቦታ የለንም ላሉሽ ቢሮዎች እንደገና ላኪ። ጥቅምት ላይ የሚያመለክት ተማሪ ጥቂት ነው፤ የእኛም የተለማማጅ ጠረጴዛ ያን ጊዜ ባዶ ነው።