ጥያቄና መልስ፦ ስቴሽን ዋገን የት ገባች?

ባለፈው ስለ አሮጌ የአሜሪካ ስቴሽን ዋገኖች፣ ጣሪያቸው እስከ ኋላ በሩ ተዘርግቶ ከወንበሩ ጀርባ ዕቃ ስለሚጫንባቸው ረጃጅም የቤት መኪኖች፣ እግረ መንገዴን ሁለት መስመር ብጽፍ ደብዳቤው ጎረፈ። ለተወሰኑት መልስ ይኸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከዴንቨር አንድ ወጣት፣ “ስቴሽኑ” የምን ስቴሽን ነው? የነዳጅ ማደያ ነው? ይላል።

የባቡር ጣቢያ ነው። ከባቡር የወረደን እንግዳ ከነሻንጣው ሆቴሉ የምታደርስ መኪና ነበረች። ማደያም ብትል ግን ብዙ አልራቅክም፤ አሮጌዎቹ ቤንዚን እንደ ውሃ ነበር የሚጠጡት።

ከአሌክሳንድሪያ አንዲት እህት ከባሏ ጋር ተከራክራለች። እሱ “አሜሪካኖች ሰለቻቸውና ተዉት” ይላል፤ እሷ “ሚኒቫን ነው የገደላት” ትላለች። ዳኛ አድርገውኛል።

ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዛችኋል። ትልቁ እውነት ግን ሕጉ ውስጥ ነው ያለው።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የቤተሰብ መኪና ሲባል ስቴሽን ዋገን ነበረች። ፎርድ ከንትሪ ስኳየር የተባለችውን ስቴሽን ዋገን ከ1950 እስከ 1991 ሠርቷል። በ1973 ዓረቦቹ ነዳጅ ከለከሉ፤ ዋጋው ናረ፣ ማደያው ሰልፍ በሰልፍ ሆነ። በ1975 ኮንግረስ ሕግ አወጣ። ፋብሪካው የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ በአንድ ጋሎን ይህን ያህል ማይል ይሂዱ፣ ያልደረሰ ይቀጣ አለ። ለ1985 ሞዴል የተቀመጠው ግብ 27.5 ማይል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። 27.5ቱ ለቤት መኪና ነው። ለፒክአፕና ለመሰል ቀላል ጭነት መኪና 20 ማይል ገደማ ይበቃ ነበር። ያቺ ሁለት ቶን የምትጠጋ ስቴሽን ዋገን የተቆጠረችው ከቤት መኪና ጋር ነው። እያንዳንዷ በተሸጠች ቁጥር የፋብሪካውን አማካይ ወደ ታች ትጎትታለች።

ክራይስለር ለ1984 ሞዴል ሚኒቫኖቹን፣ ዶጅ ካራቫንንና ፕሊመዝ ቮዬጀርን ይዞ መጣ። ወንበሩን ስታወጪው ወለሉ ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ በሕግ ዓይን ጭነት መኪና ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመልስ ጭነት መኪና! በ1990 ብቅ ያለው ፎርድ ኤክስፕሎረር የተባለው ኤስዩቪም (ከፍ ያለ፣ ጂፕ መሰል መኪና) በዚያው በር ገባ። በ1996 ጀነራል ሞተርስ የሼቭሮሌ ካፕሪስንና የቢዩክ ሮድማስተርን ስቴሽን ዋገን ሲያቆም ትልቋ አሜሪካዊት አበቃላት።

ባልሽም ዝም ብሎ አላወራም። ስቴሽን ዋገን ውስጥ ያደገው ልጅ ራሱ መሪ ሲይዝ “የእናቴን መኪና አልነዳም” ብሏል። ሚኒቫን ውስጥ ያደገውም በተራው ሚኒቫን አፍሮበታል። ግን አንዱን በር ገርበብ አድርጎ ሌላውን ወለል አድርጎ የከፈተ ሕግ እያለ፣ ሰዉ ወደ ተከፈተው ቢገባ ምርጫው ነው ልንል ነው? እኔ አልልም። እራት የሚጋብዘው እሱ ይሁን።

ሱባሩ አውትባክ ስቴሽን ዋገን ናት ወይስ ኤስዩቪ?

ከፍ ያለች ስቴሽን ዋገን ናት። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሱባሩ ከመሬት ትንሽ ከፍ አደረጋትና በሕጉ ጭነት መኪና ሆነች። እንግዲህ ጭነት ምን እንደሆነ ኮንግረስን ጠይቅ።

አንድ አባት ከነሦስተኛ ወንበሯ አሮጌ ካፕሪስ ገዝተዋል። የልጅ ልጆቻቸው ወደ ኋላ ዞሮ በተሠራው ወንበር ካልተቀመጥን ብለው እያለቀሱ ነው።

አባባ፣ ያልቅሱ። ያ ወንበር ከኋላ በሩ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው ያለው። ከኋላ የሚመታ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው የልጆቹን እግር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ያለው ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ወገብ ብቻ የሚያስር ነው፣ ጭንቅላት መደገፊያም የለም። የሕፃን መቀመጫ ደግሞ ወደ ኋላ በዞረ ወንበር ላይ እንዳይታሰር ሠሪዎቹ ራሳቸው ይከለክላሉ። በሁለተኛው ረድፍ ያስቀምጧቸው። ያም ቢሆን የሕፃን መቀመጫ ለመፈተሽ የሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ ሳይወስዱ መኪናዋን እንዳያንቀሳቅሱ። በየከተማው አሉ፣ ብዙ ቦታ በነጻ ነው። ይሄን ለወግ ያህል አይደለም የምለው፤ ነገ ይሂዱ።

ወደ አዲስ አበባ ልላካት?

አይሆንም። ከ2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ የቤንዚን የቤት መኪና አታስገባም። ለማንኛውም ጉምሩክን ጠይቅ። ደግሞ አዲስ አበባ “ስቴሽን ዋገን” ብትል ብዙው ሰው ላንድክሩዘር ነው የሚመስለው።

የጎኗ እንጨት እየተላጠ ነው፣ ምን ልቀባው?

ምንም። ፕላስቲክ ነው።

አንዷን ልገዛ ነው፣ ምን ልይ? የሚል ከሲያትል።

ዝገቷን በመካኒክ አስፈትሽ። ሌላውን እኔ ልንገርህ። መጀመሪያ የሠራሁበት ጋራዥ ባለቤት የ1994 ካፕሪስ ነበረችው። አንድ ቅዳሜ ኮምፔንሳቶ ልንገዛ ሄድን፣ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነውን ሙሉውን። ጣሪያ ላይ የምናስር መስሎኝ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰውዬው የኋላ በሯን ከፈተ፣ ወንበሮቹን አጠፈ፣ ኮምፔንሳቶውን በውስጥ በኩል በጎማ ቤቶቹ መሃል ገፋው። ወለሉ ላይ ጥፍጥፍ ብሎ ተኛ። በሩን ዘጋው። ገመዱን ይዤ ቀረሁ።

ሜትር ይዘህ ሂድ። ሻጩ ቢስቅብህም ወለሏን ለካ።