ለገጠር ካውንቲ የአናሊስት ኢንተርቪው ለተጠራሽው እህቴ

የአንድ የገጠር ካውንቲ (አሜሪካ ውስጥ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር) ፕላኒንግ ቢሮ ለኢንተርቪው ጠርቶሽ፣ የአይአርኤስን (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) የፍልሰት ዳታ ሰጥቶሽ "ካውንቲያችን ገቢ እያጣ ነው ወይስ እያገኘ?" የሚለውን አስረጂን ብሎሽ፣ አንቺ ደግሞ እኔ ታክስ መች ተማርኩ ብለሽ ተጨንቀሻል። ኧረ ተረጋጊ፣ የሚፈትኑሽ ቁጥር ማንበብ ነው።

አይአርኤስ የሚያደርገው የአንድን ሰው የሁለት ተከታታይ ዓመት ታክስ ሪተርን (በየዓመቱ ሞልቶ የሚያስገባውን የገቢ ማሳወቂያ) ማስተያየት ነው፣ አድራሻው ካውንቲ ከቀየረ ፈለሰ ይለዋል። የሪተርኑን ብዛት እንደ ቤተሰብ ብዛት ቁጠሪው። ገቢው በሺ ዶላር ነው የተጻፈው፣ ሦስቷን ዜሮ እንዳትረሺ (እኔ አንዴ ረስቼ ሰው ፊት ቀልያለሁ)።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የወጣውን ገቢ ከገባው ቀንሶ "ይሄን ያህል ሚሊዮን አጣን" ይላል፣ ግን ሰው ሲሄድ ብዙ ጊዜ ሥራውን በሻንጣ ይዞ አይሄድም እኮ፣ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ይቀጠራል። ጡረተኛ ከሆነ ግን ጡረታው አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ማን ነው የሄደው ብለሽ ጠይቂ። ደግሞ አማካይ እንዳያታልልሽ፦ 40 ቤተሰብ ገባ እንበል፣ 39ኙ 50 ሺ 50 ሺ ዶላር ያገኛሉ፣ አንዱ ድርጅቱን ሸጦ በዛ ዓመት 2 ሚሊዮን ሞላ፣ አማካዩ ወደ 99 ሺ ይጠጋልሻል። ሀብታም እየጎረፈልን ነው ብለሽ ብትናገሪ አለቀልሽ።

ትንሽ ካውንቲ ላይ ሌላም ችግር አለ፣ በሁለት ካውንቲ መካከል የተንቀሳቀሰው ከ20 ሪተርን በታች ከሆነ ለሰዎቹ ምስጢር ሲባል ለብቻው አይወጣም፣ ከሌላው ጋር ተደምሮ ነው የሚቀመጠው፣ እና ከየት እንደመጡ ግማሹን ላታይው ትችያለሽ። ታክስ የማይሞሉትም ጭራሽ የሉበትም፣ ለምሳሌ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ብቻ የሚያገኙ ብዙ ሽማግሌዎች። ይሄንን ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ፣ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ።

ከመሄድሽ በፊት የካውንቲውን የገጠርነት ኮድ (Rural-Urban Continuum Code የሚሉትን) ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ፈልጊ። ከ4 እስከ 9 ያለው ገጠር ነው፣ 4፣ 6 ወይ 8 ከሆነ ትልቅ ከተማ አካባቢ ጋር ይዋሰናል ማለት ነው። እንደዛ ከሆነ አዲስ የገቡት እዛው እየኖሩ ከተማ ተመላልሰው የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ይሄ ደግሞ ከዳታው ላይ አይታይም። "ጥያቄ አለሽ?" ሲሉሽ እሱን ጠይቂያቸው።