«ሲያድግ ሞተር ይሆናል» ላሉህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ ብል ውሸት ነው። ግን ጠዋት ፉል እየበላሁ እንደገና አነበብኩት። ሬብል 250 የምትባል ሞተር ሳይክል አለህ። ትልልቅ ክሩዘር፣ ማለት ዝቅ ብሎ የሚቀመጡበትን ከባድ ሞተር፣ የሚነዱት ወዳጆችህ ድሬዳዋ ለገሃሬ ስትገናኙ «ይቺ ሲያድግ ሞተር ይሆናል» እያሉ ይስቁብሃል። አሁን እሷን ሸጠህ፣ ከእህትህም ብር ተበድረህ፣ 800 ወይም 1100 ልትገዛ አስበሃል። «ይጠቅመኛል ወይስ እልህ ነው?» ነው ያልከው።

እልህ ነው። ግን ቆይ፣ በአንድ ቃል ብመልስልህ «እሱማ ትልቅ ስላለው ነው እንዲህ የሚለው» ትለኛለህ። ደግሞም ልክ ነህ። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

አራት ዓመት 250 ነድቻለሁ። ከዚያ ቪራጎ 1100 የሚባለውን ክሩዘር ገዛሁ፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስገዛ ለባለቤቴ ያልኳት «ለሁለት ሰው ይመቻል» ነው። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከድሬ በላይ ዳገቱ ላይ፣ ደንገጎ ቡና እየጠጣን፣ አንድ ታላቃችን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «ያቺ ሻይ ማፍያ የማን ናት?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ድሬ እስክወርድ ግን አንጀቴ ሲቃጠል ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ቆጠብኩ፣ ሻይ ማፍያዬን ሸጥኩ፣ 1100 ገዛሁ። ሰውዬው እንዲያየው ፈልጌ ስጠይቅ ሞተሩን ሸጦ መኪና ገዝቷል። እስከ ዛሬ አላየልኝም።

የባሰውን ልንገርህ። በገዛሁ በሳምንቱ ሳቢያን አካባቢ አንድ ልጅ በ150 ሞተር መጣና ፓውዛ ብልጭ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔ? ዝም ብዬ አለፍኩ። ያላየሁት መሰልኩ። አቦ፣ ከሁለት ወር በፊት እኔ እሱን ነበርኩ እኮ። ይሄን የምነግርህ ትልቅ ሞተር ሰውን ያበላሻል ልልህ አይደለም። እነዚያ የሚስቁብህ ልጆች ክፉ ስለሆኑ ላይሆን ይችላል ለማለት ነው። ከመካከላቸው ስንቱ ትናንት እንደተሳቀበት አጣራ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፣ ፉክክሩ ሁሉ በቁጥር ነውና። ያንተ 250 ተብላ ትጠራለች እንጂ እውነተኛ ሲሲዋ፣ ማለት የሲሊንደሮቿ ይዘት፣ 234 ነው። አትደንግጥ። የኔ 1100 ደግሞ 1063 ነው። ሠላሳ ሰባት ሲሲ የት እንደገባ እኔም አላውቅም። ሻዶው 750 የሚባለውም 745 ነው። ፋብሪካው ራሱ ሲያጋንን፣ ለገሃሬ ቆሞ የሚያጋንነው ልጅ ምን ያድርግ?

«ትልቅ» የሚባለው ከየት እንደሚጀምርም ሰው ነው የሚወስነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ሃርሊ ዴቪድሰንን ከጃፓኖቹ ልታድን ብላ፣ ከ700 ሲሲ በላይ በሆነ ከውጭ በሚገባ ሞተር ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። ከ4.4 በመቶ ወደ 49.4 በመቶ ነው የዘለለው። ጃፓኖቹ ምን አደረጉ? 750 የነበረውን ሞተር 699 አደረጉት። የኔው ቪራጎም እዚያ አገር 750 መሆኑ ቀርቶ 700 ሆኖ ተሸጠ። በአንድ ሲሲ ከወሰኑ በታች ሆነች፣ «ትንሽ» ተባለች፣ በርካሽ ገባች። ያን ጊዜ የጉምሩክ ሰው ነበር ለካ የሚያስቀው።

ድምፅ ላይ ግን አልከራከርህም። በድምፅ ተበልጠሃል። የሬብል ሁለት ፒስተኖች ጎን ለጎን ሆነው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በየተራ እኩል ስለሚተኩሱ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ቪ ቅርጽ ያላቸው ግን አተኳኮሳቸው እኩል አይደለም፤ ዱብ ዱብ፣ ዝም፣ ዱብ ዱብ ይላል። ሃርሊ ሁለቱን ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ብቻ ለያይቶ ያን ድምፅ አወጣ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1994 «ይህ ድምፅ የኔ የንግድ ምልክት ነው፣ ይመዝገብልኝ» ብሎ አመለከተ፤ በ2000 ራሱ ተወው። ሰው ለድምፅ ስድስት ዓመት ይሟገታል! ስለዚህ ያንተ ወዳጆች ሳይነዱ በሚኒሞ አቁመው የማርሚታቸውን (የጭስ ማውጫቸውን) ድምፅ ሲያስደምጡህ ይቅር በላቸው። ማርሚታ ቆርጠህ ግን እንዳትፎካከር፤ ጎረቤትህን አስብ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፣ ወደ መንገዳችን። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ግድም ናት። ደንገጎ ስትደርስ ወደ 2000 ትጠጋለህ። አየር ይሳሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ አንድ በመቶ ያጣል። ደንገጎ ላይ፣ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛው ያህል የለም ማለት ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ከአየሩ ስለሚበልጥ ካንዴላው ይጠቁራል። ይሄ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ነው። ግን ከ60 የፈረስ ጉልበት ላይ 12 ሲቀነስና ከ17 ላይ 3 ሲቀነስ፣ የሚቀረው አይመሳሰልም። ታውቀዋለህ መቼስ፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ከፊትህ ሲኖትራክ ጭሱን እያጠጣህ፣ ልትቀድም ጋዝ ትሰጣለህ፣ ምንም የለም። ከላይ ደግሞ ከአወዳይ የመጣ የጫት አይሱዙ እየተወረወረ ይወርዳል። እሱን ሰዎች አልቃኢዳ የሚሉት ያለምክንያት አይደለም። እዚያች ቦታ ላይ 1100 ውለታ ነው። በሁለት ሰከንድ ታልፋለህ። ባለቤትህን ከኋላ ጭነህ ሐረር የምትመላለስ ከሆነ ለዚህ ብቻ ብትገዛው አልፈርድብህም።

ቁልቁለቱ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የኔ ነዳጅ ሲሞላ 240 ኪሎ ግድም ነው፤ ያንተ 150 ገደማ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርድ ያ ዘጠና ኪሎ በየኩርባው «ቀጥ ብዬ ልሂድ» ይልሃል። ፍሬን ይሞቃል። ክሩዘር ደግሞ እግር ማሳረፊያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ካጋደልከው አስፋልቱን ይፍቃል። የትናንሾቹ ባለቤቶች ከኋላዬ መጥተው ሲያልፉኝ ስፔኪዮ እንኳ አላይም፣ ያሳፍረኛል።

ከሁሉ የባሰ ያፈርኩት ግን ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ስድስት ሆነን ለምሳ ተጠርተን ነበር። በሐረር በር ገባን፣ ፈረስ መጋላ ደረስን። ከዚያ መኪና ግርግርን ይዘን ወረድን፤ ያ በልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ የተሰየመው መንገድ። መንገድ የሚያሳየን ልጅ «በዚህ ያቋርጣል» አለ። ለእሱ ያቋርጣል! ገባሁ። ግድግዳው እየቀረበ መጣ። ትንሽ ሄጄ ማኑብሪው (መሪው) በሁለቱም በኩል ኖራውን ይፍቅ ጀመር። መውጣት አልችልም፣ መዞር አልችልም፣ ቁልቁለት ስለሆነ ወደ ኋላም አይገፋም። እግሬ ድንጋዩ ላይ አዳለጠኝና ሞተሩ ግድግዳው ላይ ጋደል አለ። የሞተሩ ሙቀት ሱሪዬን አልፎ ይጠብሰኛል። አንዲት እናት በሩን ከፍተው ወጡ። አዩኝ። ሞተሩን አዩት። ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ግመልህን በሩ ላይ አትተወውም ነበር?» አሉኝ።

አምስት ልጆች ተረዳድተው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። ከኋላዬ የነበረችው እህታችን 250 ነው የምትነዳው። ወረደች፣ የኋላ መያዣውን ይዛ ብድግ አድርጋ አዞረቻት፣ ሄደች። የምሳው ወሬ እሱ ሆነ። እስከ አሁን ቡድናችን ውስጥ ስሜ «ግመሉ» ነው። እዚህ የምታነቡ፣ ሳቁ፣ ግድ የለም።

ግን እናንተም ባለ ትንንሾቹ ጨዋ አይደላችሁም። እኛን «ሶፋ»፣ «ፍሪጅ የሚነዱ»፣ «ጡረተኞች» የምትሉን ማን ሆናችሁና ነው? ባለፈው ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ስንሄድ፣ በእግር የሚጓዘው ምእመን መንገዱን ሞልቶት በእርምጃ ነበር የምንሄደው። የኔ ሞተር ጋለ፣ ጥላ ፈልጌ አቆምኩ። ያለፈኝ ባለ 125 ሁሉ ክላክስ እያደረገ፣ እየሳቀ አለፈ። አንዱ እንዲያውም ውሃ ላቀብልህ ወይ አለኝ። ለኔ ሳይሆን ለሞተሩ! ጠያቂው፣ አንተም ይሄን ታደርጋለህ ብዬ እጠረጥራለሁ። ትንሽነትም እንደ ትልቅነት ያኮራል፤ በድምፅ ስለማይሰማ ነው እንጂ።

ወጪውን በአጭሩ ልንገርህ። የኔ በአንድ ሊትር 17 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል። ያንተ በሊትር ከ25 አይወርድም። ማደያ ሰልፍ ቆመህ፣ ወይ ባስ ሲል በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝተህ ስታውቅ፣ ልዩነቱን ኪስህ ይነግርሃል። የኔ ካቴና የለውም፣ በሻፍት (በሚዞር ብረት ዘንግ) ነው የሚሠራው፤ ይሄ በድሬ አቧራ ትልቅ ጸጋ ነው። አንተ ካቴናህን በየሳምንቱ ታጥባለህ። ዕቃ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ላንተ ሞተር የሚሆን ጎማና ካንዴላ ታይዋን ገበያ ዞረህ፣ የሚመሳሰል አታጣም። እኔ አንድ የኋላ ጎማ ለማግኘት ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ለምኛለሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ቀን አልነዳም። ከእግሮቼ መሐል ምጣድ የተጣደ ነው የሚመስለኝ።

ስለ ብድሩም አንድ ነገር ልበል። ከእህትህ የምትበደረው ለደንገጎው ሲኖትራክ ከሆነ፣ ተበደር። ለለገሃሬው ሳቅ ከሆነ ግን፣ የኔን ሰውዬ አስታውስ፤ መኪና ገዝቶ ሄዷል። የሚስቁብህም ነገ ይሄዱና አዲስ የሚስቁ ይመጣሉ። 1100 ስትገዛ ደግሞ 1800 ያለው አይጠፋም።

እንዲህ እናድርግ። ዓርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ሳቢያን ቤቴ ና። ቁልፉን እሰጥሃለሁ፣ ደንገጎ ደርሰህ ተመለስ። መጀመሪያ ግን ሞተሩን ሳታስነሳ ከግቢዬ ወደ ኋላ ገፍተህ አውጣው። በሩ ጋ ትንሽ ዳገት አለች። ብቻህን ካወጣኸው ማታ ፉሉ በኔ ነው። ካቃተህም አትፈር፣ እኔም የጎረቤት ልጅ ጠርቼ ነው የማወጣው።

ያቺኑ ትንሿንም ይዘሃት ና። ልትሸጣት ከቆረጥክ፣ ለደላላ ከመናገርህ በፊት ዋጋዋን ለኔ ንገረኝ። ለባለቤቴ ግን እንዳትነግርብኝ።