የድሮ መጫወቻ ባቡሮች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ድሮ መጫወቻ ባቡሮች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ሜሪላንድ ቤዝመንቴ ውስጥ ከነዚህ ባቡሮች ጋር ብዙ ዓመት ከርሜያለሁና የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎረቤቴ ያርድ ሴል ሲያወጣ አንድ የብረት ባቡር በ20 ዶላር ገዛሁ። «ላየነል» ይላል። ሀዲዱ ግን ሦስት ዘንግ ነው ያለው። ልክ ነው? ዕድሜውንስ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ልክ ነው ወንድሜ። የመሀሏ ዘንግ ኤሌክትሪክ ታስገባለች፣ የዳሮቹ ይመልሳሉ። ላየነል የሚባለውን የመጫወቻ ባቡር ኩባንያ በ1900 ኒውዮርክ ላይ ከጀመሩት አንዱ ጆሹዋ ላየነል ኮወን ነው። የመጀመሪያ ሥራው ለልጆች የታሰበ እንኳ አልነበረም። ሱቅ መስኮት ላይ እየዞረ ገበያተኛ እንዲስብ የተሠራ ክፍት ፉርጎ ነበር። ሰዉ ግን ፉርጎውን ራሱን ፈለገው።

ለዕድሜው ማስመሪያ አምጣ። በዳር ዘንጎቹ መሀል 54 ሚሊ ሜትር ካለ፣ በ1906 የተጀመረው «ስታንዳርድ ጌጅ» የሚባለው የሀዲድ ስፋት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የቀረ። 32 ከሆነ «ኦ ጌጅ» ነው። ቀጥሎ ፉርጎዎቹ የሚያያዙበትን እይ። እንደ ተጨበጠ ጣት የሚቆላለፍ ከሆነ ከ1945 ወዲህ ነው። የሞዴል ቁጥሩን አብዛኛውን ጊዜ ከሹፌሩ መስኮት ሥር ታገኘዋለህ። አደራ፣ ትራንስፎርመሩን ገመዱን ሳታይ እንዳትሰካ። የድሮ ገመድ ሽፋኑ ደርቆ ይፈረካከሳል።

ጥያቄ፦ ከሁሉም ብርቅ የሚባለው የትኛው ነው?

መልስ፦ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የ1957ቱ ሮዝ ባቡር ነው። ላየነል ለሴት ልጆች ብሎ ሎኮሞቲቩን ሮዝ፣ ፉርጎዎቹን ቢጫ፣ ሰማያዊና ፈዛዛ ሐምራዊ ቀብቶ አወጣው። ልጆቹ ግን እውነተኛ የሚመስል ባቡር ነበር የሚፈልጉት። አልተሸጠም። ያን ጊዜ ስላልተሸጠ ዛሬ ጥቂት ነው፣ ጥቂት ስለሆነም ውድ ነው። ተራውን ሎኮሞቲቭ ሮዝ ቀብተው የሚሸጡ አሉና ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ።

በሥራ ጥራት ከሆነ ግን ልቤ ያለው በ1937 የወጣው 700ኢ የሚባለው የላየነል ሎኮሞቲቭ ላይ ነው። የኒውዮርክ ሴንትራል ኩባንያን ቁጥር 5344 ሎኮሞቲቭ 48 ጊዜ አሳንሰው ነው የሠሩት። ዋጋው 75 ዶላር ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ገንዘብ። ከጀርመን ደግሞ ሜርክሊን የሚባለው ኩባንያ የሠራው «አዞ» አለ። በስዊዘርላንድ የጎትሃርድ ተራራ መስመር ላይ የሠራው ባለ ሁለት አፍንጫ ሎኮሞቲቭ አምሳያ ነው። ኩርባ ላይ ሲደርስ ወገቡ ይታጠፋል። አንዴ ሲዞር ያየ ሰው ለምን አዞ እንደተባለ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ከአያቱ ለባለቤቴ የደረሰው ሎኮሞቲቭ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ሳንነካው ተሰበረ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሰብሳቢዎች የዚንክ በሽታ ይሉታል። ከጦርነቱ በፊት ጎማውን በቀለጠ የዚንክ ቅይጥ ሲሠሩ ትንሽ እርሳስ ገብቶበት ከሆነ፣ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ያብጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ጎማውን መስኮት ዳር ይዘሽ እይው፤ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይመስላል። የኔ አንዱ ሎኮሞቲቭ ሁለት ዙር ሄዶ ጎማው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ሀዲዱ ላይ ቀረ። በጣም ነው ያዘንኩት።

መድኃኒት የለውም። ወደ ሌላው ባቡር ይጋባል የሚሉት ግን ውሸት ነው። ምትክ ጎማ ይሸጣል፣ ቀይሩት። የተሰበረውንም አትጣሉት፣ በትንሽ ከረጢት ከሳጥኑ ጋር አስቀምጡት። ቦታው ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ቤዝመንትም ሙቅ ጣሪያ ሥርም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ዝገት ስላለው ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ በፍጹም! የድሮው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ተጠቀም። ሥዕሉ ቆርቆሮው ላይ የታተመ ከሆነ በኃይል ከፈተግከው መስኮቱም ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን የት ወስጄ የቆየ የባቡር ማሳያ ላሳያቸው?

መልስ፦ ፒትስበርግ ካሚን ሳይንስ ሴንተር (የቀድሞው ካርኔጊ ሳይንስ ሴንተር) ውሰዳቸው። ያ ማሳያ የተወለደው ሰው ቤት ውስጥ ነው። ቻርልስ ባውዲሽ የሚባል ሰው በ1920 የገና ዋዜማ ብሩክቪል ቤቱ ላይ ጀመረው። በ1954 ወደ ፒትስበርግ ተዛወረ፣ በ1992 አሁን ያለበት ገባ። የምዕራብ ፔንሲልቬንያ የድሮ ኑሮ በትንሹ ተሠርቶበታል፤ በየዓመቱም አዲስ ነገር ይጨመርበታል። ስትራስበርግ ያለው የመጫወቻ ባቡር ሙዚየምም እዚያው ፔንሲልቬንያ ነው።

ማሳያ ግን ዕድሜው አይታመንም። የካሊፎርኒያው ጆን አለን ቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት የገነባው ተራራና ድልድይ ዓለም ያወቀው ነበር። በ1973 ሰውየው ሞተ፤ ከቀናት በኋላ ቤቱ ተቃጥሎ ማሳያው አብሮ ጠፋ። ዛሬ የምናውቀው በፎቶ ነው። ቤታችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ፎቶ አንሱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የኛን ባቡር መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ይቻላል። የድሮው መስመራችን ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። «ኤች ኦ» በሚባለው የተለመደ የሞዴል ልክ፣ ማለትም 87 ጊዜ ሲያንስ፣ 11 ሚሊ ተኩል ይሆናል። ለስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ሀዲድ ልክህ ነው ማለት ነው። ተራውን 16.5 ሚሊ እንዳትገዛ፤ እሱ የሚሆነው ለአዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

ሙሉውን መስመር ግን አትመኝ። 784 ኪሎ ሜትሩ በዚህ ልክ እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። ባቡሩ በ1902 የደረሰባትን ድሬዳዋን ብቻ ያዝ፦ ጣቢያው፣ አንድ ሁለት ፉርጎ፣ ጥግ ላይ ጋራዡ። ጣቢያው በር ላይ ሰው የቆመበት የቤተሰብ ፎቶ ካለህ ላክልኝ። 1.70 ሜትር ሰው በዚህ ልክ 20 ሚሊ ገደማ ነው፤ ከሱ ተነስተን የበሩን ቁመት እናሰላለን።